ባሌ ክራፒ ፍለጋ የወጣ ሰሞን

ባሌ ከታክሲ ሥራው የሚያርፈው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ያን የጸደይ ሰሞን ግን እሷኑ ቅዳሜ ክራፒ የሚባል ዓሣ ወሰደብኝ። ጠፍጣፋ ነው፤ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ጎኑ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ይህንንም ያወቅኩት ከባሌ ስልክ ላይ እንጂ ቤታችንስ ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ባዶ ባልዲና የትል ሽታ ይዞ ይመለሳል። "ነፋሱ ነው" ይለኛል። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ጥፋቱ የፀሐዩ ነው።

አንድ ቀን ታከተኝና "እኔም እመጣለሁ" አልኩት። ከሰፈራችን ከቻምበርስ ሮድ ተነስተን ሐይቁ ዳር ፓርክ እስክናደርግ ድረስ ስለ አዲሱ መሣሪያው አስተማረኝ። ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ በስክሪን ያሳያል አለኝ። ድንጋይ ላይ ቆሞ መንጠቆውን ወደ ጥልቁ ይወረውራል፤ ስክሪኑን እያየ "ሞልተዋል እኮ!" ይላል። የሚይዘው ግን የለም።

ሲሰለቸኝ ትርፉን የማጥመጃ ዘንግ አንስቼ ራቅ አልኩ። ዳር ላይ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎቹ ውሃ ውስጥ ሰምጠዋል። እዚያ ክሩን ለቀቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው ቡሽ ጋደም አለ።

"ሳቢው!" ብሎ ጮኸ ባሌ ከሩቅ። ደንግጬ በኃይል ሳብኩ። ባዶ መንጠቆ መጣ።

"አፉ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ እንዲህ ይሳባል?"

"ሳቢው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ቀስ ብለሽ ነዋ!"

ሁለተኛውን ቀስ አድርጌ ወደ ዳር ሳመጣው፣ ሮጦ መጥቶ ዘንጉን ከእጄ መንትፎ ላጥ አደረገው። ዓሣው ዓይኔ እያየ ጠለቀ።

"ሁለተኛ ዘንጌን ከነካህ መኪናውን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንተ በባስ ትመጣለህ!" አልኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አከታትዬ ያዝኩ። በጸደይ ለመራባት ወደ ጥግ እንደሚመጡ የሰማሁት ኋላ ነው።

ስንመለስ እኔ እየነዳሁ ጓደኛው ደወለለት። "ዛሬማ ቀናን!" አለው ባሌ። "ጥልቁ ምን ያደርግልሃል? ጥግ ጥጉን ነው፣ ከሰመጠ ዛፍ ሥር። ቀስ ብለህ ታዲያ፤ አፉ ስስ ነው።" መሪውን ጨምድጄ ነዳጁን ረገጥኩት።

ማታ ቅርፊቱን የፋቅኩትም፣ የጠበስኩትም እኔው ነኝ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ ቀመሱና "እሰይ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ!" አሉት። እሱም አላፈረ፣ "አሜን" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ሳይነሳ ዘንጌን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።