ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

መካኒካችን ሚስቱን ቀብሮ ጋራዡን እንደገና በከፈተ ሰሞን፣ አባቴ መኪናችንን የፍሬን ሸራና ዘይት እንዲቀይርላት ወሰደለት። ሸራው እንኳ ገና አላለቀም ነበር። ሰውዬው ብቻውን ከሚብሰለሰል እጁ ሥራ ይያዝ ብሎ ነው። አባቴ ሐዘን የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች ማግስት እናቴን ለዓይን ሕክምና ከሳሊተ ምሕረት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ስንወስዳት፣ አባቴ ፍሬኑን ሁለቴ ሁለቴ ሲረግጥ አየሁት። መጀመሪያ ሲረግጠው ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ሲደግመው ይይዛል። ክሊኒኩ በር ላይ ስንቆም ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን አየ። ሙሉ ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። የሚንጠባጠብም ነገር የለም።

«አየር ይዟል» አለ። «ዘይቱ ሲቀየር በደንብ አልወጣለትም።»

«ታዲያ እንመልስለት።»

እናቴ ከኋላ ሆና ሰማችን። «አርባዋ እንኳ ሳይወጣ? አበላሸህ ልትሉት ነው? ኧረ ነውር ነው!»

ሌላ ጋራዥ እንውሰዳት ስል ደግሞ ባሰ። መካኒኮቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ፤ በሐዘኑ ሰዓት ደንበኛው ከዳው መባሉ አይቀርም። ይሉኝታ እኛ ቤት ከአባወራው በላይ ነው። አርባው እስኪወጣ ሁለቴ እየተረገጠ ይነዳል ተባለ። በጣም ተናደድኩ፤ ግን ሚስቱን ላጣ ሰው ደውዬ ስለ ፍሬን ማውራት እኔንም ከበደኝ።

እናቴ አንድ ዓይኗን ኦፕራሲዮን በተደረገች ቀን፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሰፈራችን መግቢያ ያለው ቁልቁለት ላይ ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ቆመ። አባቴ ረገጠ። ደገመ። ሰለሰ። አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ መኪናዋ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገብታ ቆመች።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች እናቴ፣ የታሸገ ዓይኗን በእጇ ይዛ።

«ማንም አልሞተም» አላት አባቴ። እጆቹ ግን መሪውን አልለቅ ብለው ነበር። እኔ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወላጆቼን አብሬ ላጣቸው እንደምችል አስቤ አላውቅም።

ስልኩን አንስቼ የደወልኩት እኔ ነኝ። መካኒኩ ከነጥቁር ልብሱ መጣ። ፔዳሉን አንዴ በእጁ ተጭኖት ለቀቀው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ነው፣ ድንገት» አለ አባቴ።

«ከአንተ ጋራዥ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ነው» አልኩ እኔ።

መካኒኩ አባቴን ዞሮ አየው። «ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ሐዘን ላይ ነህ ብለን ነዋ። እንዳናስጨንቅህ።»

መካኒኩ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን እናቴን አየ፤ ዓይኗ ላይ ያለውን ነጭ ፋሻ ትክ ብሎ አየው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ሚስቴም እንደዚሁ ነው ያደረገችኝ» አለ። «ሥራ በዝቶበታል፣ እንዳላስጨንቀው ብላ። መታመሟን የነገረችኝ ሐኪሞቹ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ደህናውን ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ መካኒኩ መፍቻውን ይዞ ጎማው ሥር ተጋደመ፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አየሩን ለማስወጣት አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች ይፈታል። አባቴም ይርገጡ ሲባል እየረገጠ፣ ይያዙ ሲባል እየያዘ ቆየ።

«አሁንስ ጋሼ? ደህና ነው?» አለ መካኒኩ ከሥር።

አባቴ አዎ ብሎ ሊገላገለው እንደፈለገ ከፊቱ አውቄአለሁ። ፔዳሉን እንደገና ረገጠው።

«ገና ነው ልጄ» አለው። «አሁንም ይሰምጣል።»