ለግድግዳው የምትሆን ካሜራ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ከተዳሩት ሙሽሮች ብዙዎቹ ሠርጋቸውን የሚያስታውሱት በታረቀኝ ዓይን ነው። እስከ ሉማሜ እየተጠራ ቀርጿል። ትከሻው ላይ የታጠፈ ጋቢ ደልድሎ፣ ካሜራውን ከላይ ጭኖ ከጭፈራው መሀል ሲሽከረከር ለሚያየው፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ይመስላል። የሙሽራዋ እናት እንባዋን ስትጠርግ በቪዲዮው ከታየች፣ ታረቀኝ በሰዓቱ አጠገቧ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም፤ ታረቀኝ ግን የሚኮራው ትንሽ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለሥራነሽ እንኳ። "የዘንድሮ ሙሽራ ያለ ማቆሚያ አይቀረጽም" ብሎ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ገዛ። ሥራ በሌለው ጊዜ እጁን ጋቢው ውስጥ ይከታል፤ አገሩ ብርድ ነውና ማንም አልጠረጠረውም። የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እጁ የታወቀበት ዕለት ሠርጉን አምኖ የሚሰጠው ሰው አይኖርም።

በዚህ መሀል የሥዕል መምህርቷ ሂዊ መጣችበት። ለባህል አዳራሹ ኤግዚቢሽን አንድ ነገር አስባለች። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ጥጥ የሚፈትሉ እናት ይቀመጣሉ፤ ካሜራ የጣቶቻቸውን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ወደ ብርሃን መስመር ይለውጠውና ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ይስለዋል። ጣት ሲቆም ብርሃኑም ይጠፋል። ለዚህ ሥራ የምትሆነውን ካሜራ መምረጥ ግን አቅቷታል። ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች ተውሳ አመጣችና፣

"ጋሽ ታረቀኝ፣ ካሜራ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? የመረጡልኝን እገዛለሁ" አለችው።

በማግስቱ እሷ ስታስተምር እሱ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ሞከራቸው። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ሱቅ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ዓይነት። ሌላዋ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ናት፤ ምስሏ ግራጫ፣ ሰውን ሁሉ በሽተኛ የምታስመስል። ታረቀኝ ገና ሲያያት ናቃት። ከዚያ ተራ በተራ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ፊታቸው ተመላለሰ፣ እጁን አወዛወዘ፤ ሁለቱም ተከተሉት። በመጨረሻ ጋቢውን ተከናንቦ ቀጥ ብሎ ቆመ። በነጯ ጊዜ ግድግዳው ጨለማ ሆኖ ቀረ። በጥቁሯ ጊዜ ግን ግድግዳው ላይ ብርሃን ይርገበገባል።

ገመዱ ላልቶ ይሆናል ብሎ አጠበቀው። ብርሃኑ አልቆመም። ወደ ራሱ ሲመለከት ገባው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከነጭ ጋቢ የበለጠ የሚታይ ነገር የለም፤ እጁ ከውስጥ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጨርቁ ከደረቱ እስከ ጥለቱ አብሮ ይርዳል፣ ካሜራዋም እጥፋቱን ሁሉ ትለቅማለች። እጁን የደበቀበት ጋቢ አግዝፎ አጋለጠው። ታረቀኝ ደነገጠ።

የትኛዋ እንደምትሻል ለማወቅ ከዚህ ወዲያ መሞከር አላስፈለገውም። ነጯ በጨለማ ምስሉን አጠራለሁ ስትል ትንሹን እንቅስቃሴ ጠርጋ ታጠፋለች፤ የፈታይ ጣት ደግሞ ሥራው ሁሉ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን በኤግዚቢሽኑ ምረቃ ቀን መሣሪያውን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ሚስቱና ደንበኞቹ እያዩት ካሜራዋ ፊት መቆሙ አይቀርም። ሂዊ ስትመለስ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

"ነጯን ግዢ፤ ምስሏ ጥርት ያለ ነው" አላት።

አመነችው። ጥቁሯን ላዋሳት ሰው እስክትመልስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ለልምምድ እማማ አልጣሽ መጡ። በፈትል የታወቁ ናቸው፤ በመጪው እሑድ የልጅ ልጃቸው መቅዲ ትዳራለች፣ ሠርጉንም የሚቀርጸው ታረቀኝ ነው። ከዝቅተኛው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ክሩን መሳብ ጀመሩ። ግድግዳው ዝም አለ። ክንዳቸውን ከፍ ሲያደርጉ አንድ ብልጭታ ያልፍና ይጠፋል።

"እማማ፣ ትንሽ ጠንከር አድርገው ቢፈትሉት?" አለች ሂዊ።

"በጉልበት ከሆነማ ይበጠሳል፣ ልጄ።"

ሂዊ ኮምፒውተሩን ነካካች፣ መብራቱን ጨመረች፣ ቀነሰች። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"የተበላሸው ሐሳቤ ነው። ጋሽ ታረቀኝ የመረጡት ካሜራ ካልያዘው ሌላው አይይዘውም። ሥራው ቀርቷል ብዬ ለአዳራሹ ሰዎች እነግራቸዋለሁ።"

ታረቀኝ አፈረ። ሰው በድፍረት ሲወቅሰው መመለስ ያውቅበታል፤ ይቺ ግን ወቀሳውን ሁሉ ለራሷ ወሰደችው።

"ጥቁሯን አምጪያት እስኪ" አለ።

በግራ እጁ እየታገለ ሰካት። እማማ አልጣሽ ፈትላቸውን ቀጠሉ፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን የብርሃን መስመር ተሞላ። "በስመ አብ!" ብለው ቀና አሉ አሮጊቷ። ሂዊ በደስታ ጮኸች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ወደ ታረቀኝ ዞረች።

"ይህን አይተውት የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ነጯን አሉኝ?"

ያን ዕለት ገመዱ አልሠራም ነበር ቢላት ታምነው ነበር። ይህንንም ያውቃል። ጋቢውን አውልቆ ወንበር ላይ አኖረ፤ ቀኝ እጁንም ካሜራዋ ፊት ዘረጋ። እማማ አልጣሽ መፍተላቸውን ትተዋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የእሱ እጅ ብቻ ነው፣ ሳያቋርጥ ይርገበገባል።

"ይህ እንዳይታይ ብዬ ነው" አለ።

አሮጊቷ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ እጁን አዩ።

"የመቅዲ ሠርግስ፣ ልጄ?" አሉት ቀስ ብለው።

"ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እማማ።"