ሻይ ብቻ የምትጠጣው እንግዳ

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ቤት ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ዳቦ ሸጣለች። ማን ትኩሱን፣ ማን የትናንቱን እንደሚፈልግ ገና ከበር ሳይዘልቅ ታውቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ቤት መዋል አልሆነላትም። እኔም ከአውቶቡስ ሾፌርነቴ ጡረታ ወጥቼ ሶፋው ላይ ከተጋደምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስንተያይ መዋል ለሁለታችንም አልተስማማንም። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ቤታቸው ሰው እየጠሩ የሚሸጡ ሴቶች ይፈልጋል ሲባል፣ «ሰው ፊት ቆሞ መሸጥ ለእኔ ምን አላት!» ብላ ተመዘገበች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎረቤት ለሻይ ይጠራል፣ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ካታሎጉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የወደደ ያዛል። ባለቤቴ አንዱን ዕቃ ውሃ ትሞላና ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ዘግታ እንግዳዋ ጭን ላይ ትዘቀዝቀዋለች። እንግዳዋ ትጮሃለች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሰፈርተኛው ስሟን ትቶ «ክዳኗ» ይላት ጀመር። እሷም ወደደችው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። በኋላ የሰፈሩ ጓዳ ጠገበ። ዕቃው አይሰበር፣ አይሰነጠቅ፤ አንዴ የገዛ ሰው ምን ብሎ ይደግማል? ባለቤቴ ግን ጥፋቱን ራሷ ላይ ፈለገችው። ብስኩቱን ቀየረች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ መስታወት ፊት ቆማ ንግግሯን አጠናች። ሰው መምጣቱን አላቆመም፤ አዳዲስ ፊቶችም ነበሩ። የሚገዛው ግን እያነሰ ሄደ።

አንዲት ጓደኛ ነበረቻት፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣ ከእኛ ሦስተኛው ቤት የምትኖር። ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ወቅት አንሶላዋን እየወሰደች እያጠበች ያመጣችልን ሴት ናት። ከአንድም ግብዣ ቀርታ አታውቅም። በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሁለት ሻይ ትጠጣለች፣ ኩባያዎቹን አጥባ ትሄዳለች። ስትገዛ አላየሁም።

አንድ ቀን ወንበሮቹን ስንመልስ፣ «ያቺ ጓደኛሽስ? ሌሎቹን አለመግዛት ያስተማረቻቸው እሷ ሳትሆን አትቀርም» አልኳት። ቀልዴን ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር ልበል። ባለቤቴ አልሳቀችም።

በቀጣዩ ግብዣ ሰባት ሴቶች መጡ። እኔ እንደ ልማዴ መኝታ ቤት ሬዲዮ ይዤ ተደብቄያለሁ። ካታሎጉ ዞሮ ዞሮ ሳይነካ ተመለሰ። አጣቢዋ ዝምታው ከብዷት ነው መሰለኝ፣ «ኩባያዎቹን ልጠብልሽ?» አለች።

«አንቺ የምትመጪው ሻይ ለመጠጣት ከሆነ ሻይ ቤቱ ሩቅ አይደለም» አለች ባለቤቴ። «እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ።»

በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማኛል። ወጥቼ «ምነው አንቺ ሴት?» ማለት እችል ነበር። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

«እውነትሽን ነው፤ ሥራ አስፈታሁሽ» አለች አጣቢዋ። ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች።

ከዚያ የሆነው ይገርማል። ሦስት ሴቶች ተሽቀዳድመው አዘዙ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ባለቤቴ ፊቷ በርቶ፣ «አየህ? ትንሽ ጠበቅ ማለት ነበር የጎደለኝ» አለችኝ። እኔም «ጎበዝ» አልኳት።

በወሩ አሥር ወንበር ደረደርን። ማንም አልመጣም። ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ አንዲት የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በሩን አንኳኳች፤ ባለፈው ተሽቀዳድመው ካዘዙት አንዷ ናት። ግቢ ስትባል እምቢ አለች።

«ሳልነግርሽ ብቀር ይከብደኛል ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «እኛን የምታመጣን እኮ ያቺ ጓደኛሽ ነበረች። በምሳ ሰዓት ካታሎግሽን ይዛ ክፍል ለክፍል ትዞራለች። የጓደኛዬ ሳሎን ባዶ እንዳይሆን ኑልኝ ትለናለች። እሷማ በዚያች ደሞዝ እናት እያስታመመች ምኑን ትግዛው?»

ባለቤቴ በሩን ይዛ ቆመች። እነዚያ ሁሉ አዳዲስ ፊቶች ከየት እንደሚመጡ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

በማግስቱ አጣቢዋ ቤት አብረን ሄድን። እናቷ ጥግ ላይ ተኝተዋል፤ እሷ አጎንብሳ ትራሳቸውን ታስተካክላለች። ስታየን ቀና ብላ፣ «ግቡ እንጂ፣ ጋሼ ይቀመጡ» አለች። ሻይ አቀረበችልን። ሳትሰስት፣ ስኳሩንም አብዝታ።

«ይቅር በይኝ» አለች ባለቤቴ። «ምን እንዳናገረኝ አላውቅም።»

«ትቼዋለሁ፣ እህቴ።» ስኳሩን ወደ እሷ አስጠግታ፣ «ቤትሽ ግን እንደ ድሮው ዘው ብዬ አልገባም። ልግባ ብልም እግሬ አይታዘዘኝም። አትቀየሚኝ» አለች።

ነገሩ ከእኔ አፍ ነው የወጣው ልል ፈለግሁ። የእናቷን ሳል ሰበብ አደረግሁና ዝም አልኩ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት መንገድ ላይ ነው።

«አውቃለሁ» አለችኝ ሳትዞር። «በአንተ እንዳላሳብብ ነው ያላነሳሁት። አንተ ለእኔ ነው የነገርከኝ፤ እኔ ግን ለእሷ፣ በሰው ፊት።»

በዚያው ሳምንት፣ ያን ዕለት በኀፍረት ያዘዙት ሦስቱ ሴቶች ጋ ሄደች። «ካልፈለጋችሁት ልውሰደው» አለቻቸው። ሁለቱ አይሆንም አሉ። ሦስተኛዋ ግን ዕቃውን ከነማሸጊያው አውጥታ ሰጠቻት፣ «ተመስገን!» ብላም ሳቀች። ባለቤቴ አብራት ሳቀች፣ ቤት መጥታ አለቀሰች። ከዚያ ወኪልነቱን ተወችው። አሁን ትምህርት ቤቱ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ትሠራለች። ያልተሸጠው ዕቃ ጓዳችንን ሞልቶታል፤ ምስርም ቁልፍም ምስማርም የምናስቀምጠው እዚያው ነው።

ባለቤቴና አጣቢዋ መንገድ ላይ ሲገናኙ አይተላለፉም። ይሳሳማሉ፣ ስለ እናትየው ይነጋገራሉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ያማርራሉ። ባለፈው ሳምንት ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ወሬው ሲያልቅ ባለቤቴ «ነይ እስቲ…» ብላ ጀመረችና፣ «ሰላምታ አቅርቢልኝ ለእማማ» ብላ ጨረሰችው። አጣቢዋም «ይደርሳል» አለች፣ ወደ ሥራዋ መሄጃ ሰዓቷ ነበርና ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።