ሲሰግድ ያጨበጨብንለት ወንድሜ

ልጅ እያለሁ፣ ሱሉልታ ካለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት ተመልካች አይጠፋም ነበር። የሚታየው ወንድሜ ገመቹ ነው፤ ገና የስድስት ወር ሕፃን። ከእንቅልፉ እንደነቃ ጭንቅላቱን ደፋ ያደርጋል፣ ሁለት እጁን ይዘረጋል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ትንሽ ያርፍና ይደግማል፤ ደግሞ፣ አሁንም ደግሞ። «ይሰግዳል!» ተባለ። እኛ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታችንን ጥለን፣ እግራችን ጭቃ እንደሆነ እየተጋፋን እንገባለን። ቤቱ ድርቆሽ ድርቆሽ፣ ወተት ወተት ይሸት ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ወተት ሊያስረክቡ ሲያልፉ ገባ ይሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ይሉለታል። «አንቺ፣ ቄስ እኮ ነው የወለድሽው!» ይሏታል እናቴን። እሷም «አሜን፣ አሜን!» ትልና የሰው ዓይን እንዳይበላው በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። እኛ እናጨበጭባለን። ሲጨርስ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ራበው እንል ነበር።

መጀመሪያ የጠፋው ሳቁ ነው። ፊቴን ሸፍኜ ብቅ ስልለት ይንከተከት የነበረ ልጅ፣ ስሙን ብጠራ ብጠራ ወይ ፍንክች! መቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ እሱንም ተወው። ጥርስ ሊያወጣ ነው ተባለ፣ ቁርጠት ነው ተባለ። ጸበልም ሄድን። የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ማን ጠርጥሮ! እኛ የምናውቀው ሰውን መሬት ላይ ዘርሮ አረፋ የሚያስደፍቀውን ነው። እንዲህ በጨዋ ደንብ ጎንበስ እያለ የሚገባ መኖሩን ማን ነገረን?

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድነው። ሐኪሟ የአንጎሉን ምርመራ አይታ፣ ሕፃናትን የሚይዝ፣ ብዙም የማያጋጥም የሚጥል በሽታ ነው አለች። «ቶሎ ቢታከም ኖሮ...» ብላ ጀመረች። እናቴ «እኛ እኮ እናጨበጭብለት ነበር» አለቻት። በሚኒባስ ስንመለስ እንጦጦን እስክናልፍ ገመቹን በነጠላዋ እንደሸፈነችው ነበር። እኔ ያኔ ሐኪሟን ጠልቻት ነበር።

ገመቹ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። ጢሙን የምላጭለት እኔ ነኝ፤ የማጎርሰውም እኔ።

አምና ግቢያችን ውስጥ የተከራየው ባለሱቅ ሴት ልጅ ሐያት፣ ገና ጨቅላ ሆና፣ ከእንቅልፏ ነቅታ ጎንበስ ጎንበስ ስትል እናቷ እየሳቀች ጠራችን። እናቴ አልሳቀችም። «ሳቁን ተይው! በስልክሽ ቅረጪው! አሁኑኑ ሆስፒታል!» ብላ ጮኸች። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ አብራቸው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሐኪሞቹ ቪዲዮውን አይተው ቶሎ መረመሯት፣ መድኃኒትም ጀመሩላት። ቶሎ ታክሞም የማይድን አለ ይላሉ፤ እሷ ግን ተሽሏታል።

ዘመኑ ተሻለ፤ እሰየው ነው። ያንገበግበኛልም፤ ምን ላድርግ? ሐያት አሁን ድክ ድክ እያለች ትመጣና የገመቹን ጉልበት ተደግፋ «ገሜ! ገሜ!» ትለዋለች። እሱ አይመልስላትም። እናቴ ብድግ አድርጋ አገላብጣ ትስማታለች፤ «የኔ ማር» ትላታለች። ከዚያ ለኔ ትሰጠኝና ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች።