የታንት ኦርዜሊ ጣሪያ

የእኛ ሰፈር ሰው ሌላው ቢቀር ስም ማውጣት ያውቅበታል። ሁላችን ታንት፣ አክስት፣ የምንላትን የኦርዜሊን ቤት «የኦቾሎኒው ቤተ መንግሥት» ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙ ግን ያለ ነገር አልወጣም። ከካቫዮን ወንዝ ወዲህ ካሉት ቤቶች የእርሷን የሚያህል አልነበረም። ግድግዳው ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ በረንዳው በአበባ ብሎኬት የተዋበ፣ ከላዩ ወፍራም ሶሌታ የተጫነበት ነው። ውስጡ የሚያድረው ግን የኦቾሎኒ ጆንያ ነበር። ባለቤቲቱ ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ከወፍጮዋና ከድስቶቿ ጋር ትተኛለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳዬ ላይ ነው፤ በረንዳዬ ደግሞ ከእርሷ በር ፊት ለፊት። ስለዚህ የምናገረው ያየሁትን ነው።

ታንት ኦርዜሊ እዚሁ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ዋና ከተማችን ፖርቶፕረንስ ሄዳ፣ እዚያው አግብታ ወልዳለች። ኑሮዋ ማምባ ነበር፤ ኦቾሎኒውን ቆልታ፣ ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር ፈጭታ፣ በዳቦ ቀብታ ለመንገደኛ ትሸጥ ነበር። ምድር ያጓራችበት፣ እኛ ከነድምፁ «ጉዱጉዱ» ብለን ስም ያወጣንለት ያ ቀን ሲመጣ ባሏ አኖል ደጅ ላይ የጎረቤት ጎማ እየለጠፈ ነበር። ደጅ ላይ! ከራሱ በላይ ሰማይ ብቻ ነበር። እኛ ግን በአውሎ ነፋስ ያደግን ሰዎች ነን። መዓት ከሰማይ ነው የሚመጣው፣ መዓት ሲመጣ ደግሞ ወደ ቤት ነው የሚገባው። አኖልም እግሩ እንደለመደው ሮጦ ገባ። እርሷ ልጇን ኦድሌንን በክንዱ አንጠልጥላ እየወጣች በሩ ላይ ተላለፉ። ሶሌታው ባሏ ላይ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ልጇን ይዛ ወደ እኛ ተመለሰች። አንድ ነገር ማለች፤ ከእንግዲህ ከሲሚንቶ በታች አልተኛም አለች። «ነፋስ ቆርቆሮዬን ቢወስደው ሌላ ቆርቆሮ እመታለሁ፤ ሶሌታ የሚወስደው ግን እኔን ነው» ትል ነበር። ሰፈርተኛው አዘነላት፣ ቆየት ብሎ ሰለቸው፣ ከዚያ ሳቀባት። ሐዘን እኛ ዘንድ ዕድሜው ይኸው ነው።

ኦድሌን አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ እንደ ዘመኑ ጎረምሳ ሁሉ ቺሊ ገባ። ሳንቲያጎ ውስጥ መጋዘን ሠራተኛ ሆነ። ገና ዓመቱን ሳይደፍን እናቱን «ማንማን» እያለ በስልክ ሲጠራ ወሬው አንድ ብቻ ሆነ፤ ቤት።

«ማንማን፣ እኔ ውጭ አገር እያለሁ አንቺ ቆርቆሮ ሥር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሥራልኝ። የእንጨት ሥራልኝ።»

«እንጨት የድሃ ነው!»

ቤቱን የሠራው ቦስ ኔሬስታን ነው፤ ቦስ ብለን የምንጠራው የሰፈራችን ግንበኛ፣ አፈ ጮማ። አሸዋውን ከኮረብታው ላይ ዝቆ አመጣ፤ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የሚቦን። ፌሮውን ሳየው ጣቴን አያህልም። «ቦስ፣ ይሄ አልቀጠነም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንተ ክርህን ጠብቅ፤ ብረቱን ለእኔ ተወው» ብሎኝ ሄደ። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ።

ታንት ኦርዜሊ የልጇን ልብ ላለመስበር ቁልፉን ተቀበለች፤ ከዚያ ኦቾሎኒዋን አስገባችበት። የጎረቤታችን የሮዝሚታ ምላስ እንኳን ምክንያት አግኝቶ፣ ያለምክንያትም አያርፍም።

«ታንት፣ ኦቾሎኒው አልጋው ተመቸው?» ትላለች በአጥር ላይ።

«ኦቾሎኒ ተጨፍልቆ ነው የሚሸጠው። ምን ይጎዳዋል?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ!»

«ልጡ አንቺ ላይ ሲወርድ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

በነሐሴ፣ ለእመቤታችን በዓል፣ ኦድሌን መጣ። በበዓሉ ሳምንት መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ እርሱ ግን ከሁሉ ደምቆ በነጭ ጫማ ገባ። ከሌ ካይ ከተማ በጭነት መኪና የመጣ ከባድ የማሆጋኒ ጠረጴዛ ይዞ ነበር፤ አራት ሰው ተሸክሞ አገባው። የኦቾሎኒውን ጆንያ አስወጣ፣ ወለሉን አሳጠበ፣ አልጋውን ዘረጋ። እናቱ ጎጆዋ ውስጥ ሁለተኛ ፍራሽ አንጥፋለት ነበር።

«እዚህ ተኛልኝ» አለችው።

«ማንማን፣ የራሴን ቤት ሠርቼ ከወፍጮ ጋር ልተኛ? ሮዝሚታ ሰምታ ፀጥ ትላለች?»

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተሰብስበን የቺሊን ወሬ አወራን። ልጁ ወግ ይችላል። «እዚያ ምድር በየጊዜው ነው የምትንቀሳቀሰው» አለ። «መጀመሪያ ጊዜ በውስጥ ሱሪ አራት ፎቅ ወርጄ መንገድ ላይ ቆምኩ። ቀና ብል አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ በመስኮት ሆነው ሻይ ይጠጣሉ! «ወጣቱ፣ ሱሪህን ረሳህ» አሉኝ።» ሳቅን። እናቱ አልሳቀችም። እርሱ ቀጠለ፤ «ከዚያ ሥራ ቦታ አስተማሩን። ሕጉ አንድ ነው። አትሩጥ! ጎንበስ በል፣ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ ራስህን ሸፍን፣ እግሩን ይዘህ እስኪያልፍ ጠብቅ። የሚሞተው የሚሮጠው ነው።»

«የእነሱን ቤት የሠራው ማነው?» አለች ታንት ኦርዜሊ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መሐንዲስ ነዋ!»

«ይሄንን የሠራው ኔሬስታን ነው።»

ቦስ ኔሬስታን እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ብርጭቆውን አንሥቶ ጨለጠው። ኦድሌን ተነሥቶ የእናቱን ግንባር ሳመ። እርሷ ግን እጁን ያዘች፤ አትለቅም። «ልጄ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ስትነቃነቅ ትወጣለህ። በለኝ እስቲ፣ እወጣለሁ በለኝ።»

«እሺ ማንማን፣ እወጣለሁ» አለ፤ ለማምለጥ የሚባለውን «እሺ» ዓይነት። እርሷም አውቃለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት፣ እኔ ለበዓሉ የታዘዘ የሴት ልጅ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ፣ እርሷ ግቢው መሐል ወፍጮዋን እያዞረች ነበር። ኦድሌን በአዲሱ ጠረጴዛው ላይ እናቱ የሠራችለትን ስፓጌቲ በደረቅ ዓሣ ይበላል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከወንበሩ እስከ ግቢው ቢበዛ አምስት እርምጃ ነው።

መጀመሪያ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ ያ ድምፅ ከሥር መጣ። ጉዱጉዱ። የስፌት መኪናዬ ከእጄ ሸሸ። መንገድ ላይ ወድቄ በጉልበቴ ቆምኩ። ታንት ኦርዜሊ ወፍጮዋን ጥላ እጆቿን ዘርግታ በሩ ፊት ቆማለች፤ መሬቱ እያላጋት።

«ኦድሌን! ውጣ! ውጣ ልጄ! ውጣ!»

ልጁን አየሁት። ተነሥቷል፤ ሹካው እጁ ላይ ነው። መውጣት ይችል ነበር። እናቱን አያት፣ እንደ ትልቅ ሰው መዳፉን ወደ እርሷ ዘረጋ፣ ረጋ በይ እንደማለት። «አትሩጪ ማንማን! አትሩጪ!» አለ። ከዚያ በተማረው መሠረት ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ኮለኖቹ ተራ በተራ ተቀነጠሱ። ሶሌታው ሳይሰነጠቅ፣ እንዳለ፣ ቁጭ አለ።

አቧራው ሲገለጥ እናቱ ሶሌታው ላይ በሆዷ ተኝታ ትጠራዋለች። መልሶ ጠራት! «አለሁ ማንማን!» አላት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ጠረጴዛው ሥር ነኝ» አለ። «እግሬ ተይዟል እንጂ ደህና ነኝ። በደንብ ነው ያደረግሁት፣ አትጨነቂ።»

በደንብ ነው ያደረግሁት።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ማሽን የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል፤ አካፋ፣ መዶሻና ጣት ነው ያለን። ሮዝሚታ ጥፍሯ እስኪደማ ብሎኬት ስታነሣ ውላለች፤ ይሄን አልክድባትም። ቦስ ኔሬስታንም መዶሻውን ይዞ መጥቶ ነበር። ኮለኑን አንድ ጊዜ ሲመታው እንደ ሰነበተ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ፌሮውን እኔ ልብስ ሰፊው በእጄ አጠፍኩት። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ጉዱጉዱ እኮ ነው» አለ። «እንዲህ ያለውን ምን ይችለዋል?» ከእርሷ ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ጎጆ ከጀርባው ቆማ ነበር፤ አንድ ሚስማር አልወለቀባትም።

የታችኛው ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ውኃ ጠየቀ፤ የምንሰጥበት ቀዳዳ አልነበረም። ስለ ቺሊ አወራ፣ ስለ ጠረጴዛው አወራ፣ «እግሩ እየተጣመመ ነው» አለ። እናቱ ትዘፍንለት ነበር፤ ሕፃን ሆኖ ስታስተኛው የምትዘፍነውን መሰለኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፁ ቀረ። እርሷ ግን ዘፈኗን አላቋረጠችም፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው እስኪያነሷት ድረስ ቀጠለች።

በማግስቱ አውጥተን ቀበርነው። የጠረጴዛው ገጽ ድፍን ነው፣ ጭረት የለበትም፤ የተሰበሩት እግሮቹ ናቸው።

ሰው አፉን መያዝ አይችልምና ከመቃብር ስንመለስ ጀመሩ። «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያለውን ሰው በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። ልጁ መቼ እምቢ አለ? ታዘዘ እንጂ! የተማረውን አንድ ሳያስቀር አደረገ። ሕጉም ውሸት አይደለም፤ እዚያ ቤቱ ይቆማል፣ ሰው ይጎነበሳል። እኛ ዘንድ የሚጎነበሰው ቤቱ ነው። ይህን የምትነግረው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እርሷን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እብድ አድርጓታል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ፈርታ ብቻ አይደለም፤ አውቃ ነበር።

ሰኞ ደግሞ ሰማዩ ጠቆረ። ሬዲዮው አውሎ ነፋስና ከባድ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ጠንካራ ቤት ውስጥ ግቡ አለ። ትንሽ ቆይቶ ያው ሬዲዮ፣ የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ እንዳትገቡ አለ። ያልተሰነጠቀውን አልነገረንም። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ አንሶላ ወጥረን የተቀመጥን ሰዎች ዝናቡ ሲወርድ የምንገባበት ጠፋን፤ አንድ በአንድ፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ወደዚያች ጎጆ ሄድን። ታንት ኦርዜሊ ማንንም «ለምን መጣህ» አላለችም። ወፍጮውን ወደ ጥግ ገፋች፣ ድስቶቹን ሰቀለች፣ ፍራሾቹን ለሕፃናት ሰጠች። ሮዝሚታ ሦስት ልጆቿን ይዛ ስትገባ እንባዋ ከዝናቡ ጋር ይወርድ ነበር። «ታንት…» ብላ ቀረች። «ልጆቹን አድርቂያቸው» አለቻት፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ተጠጋግተው ካልሆነ መነጋገር አይቻልም። እግራችንን አጣጥፈን ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ቦስ ኔሬስታን ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ ሆኖ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ሁላችንም ቀና ብለን አየነው። የእርሱ ቤት ከገበያው አጠገብ ያለው ባለ ሶሌታ ነው፤ ራሱ የሠራው፣ ሁላችንም የምናውቀው።

ታንት ኦርዜሊ ተነሥታ በሩ ድረስ መጣች።

«ቤትህ ፈረሰ እንዴ ቦስ?»

«አልፈረሰም።»

«ተሰነጠቀ?»

«ኧረ የለም፣ አልተሰነጠቀም» አለ ወደ መሬት እያየ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ጠረጴዛ የለህም?»

 ባርኔጣውን እየጨመቀ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። እርሷም ለኦድሌን አንጥፋው በነበረው ፍራሽ ላይ የተኙትን ልጆች ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አድርጋ የአንድ ሰው ቦታ ከፈተችለት።