ገመዱን ያሰረው እጅ

አባባ ያን ቀን ክራቫት አድርገው ነው የወጡት። ሲኤምሲ ያለው ቤታቸው ግቢ ውስጥ አራት ወር ሙሉ የቆመችውን ትንሿን መኪናቸውን በእኔ ቫን ጎትተን ገርጂ ጋራዥ ልንወስዳት ነው፤ እሳቸው ግን ሰርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። "ምነው አባባ፣ ለጋራዥ ደግሞ?" ብላቸው፣ "መሪ ልይዝ አይደል እንዴ!" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

አንጀቴን የበሉት፣ ጋራዥ የምንወስዳት ልትሠራ ስላልነበረ ነው። እኔ፣ ወንድሜና እህቴ ተማክረን ጨርሰናል። አባባ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። መኪናዋ ከመበላሸቷ በፊት የጎረቤት በር ገጭተዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት የምትወጣ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈችው። "ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም" የሚላቸው ወንድ ግን ከመሃላችን ጠፋ። ስለዚህ ተንኮል ፈለግን። መኪናዋ ጋራዥ ትገባለች፤ መካኒኩ "ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው" ይላል፤ ዕቃው አይመጣም። አባባ ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻ ይተዉታል። ይሄን ሐሳብ ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ሥራው ግን እኔ ላይ ወደቀ። ቫን ያለኝ እኔ ነኛ!

ቫኗ ቦሌ ላሉ ካፌዎች ዳቦና ኬክ የማመላልስባት ናት እንጂ መኪና ጎትታ አታውቅም። ሰሚት አንድ በያጅ ጋ ወስጄ ከኋላዋ፣ ከሥር በኩል፣ ወፍራም መንጠቆ አስበየድኩላት። ገመድ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ገመዱን ሳስር አባባ ቆመው አዩኝ አዩኝና፣ "ተነሺ ልጄ፣ ይሄ የጫማ ማሰሪያ አይደለም" አሉኝ።

አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና ጉልበታቸው እየተንቋቋ መሬት ወረዱ። ገመዱን አጠፉት፣ በመንጠቆው ውስጥ አሳለፉት፣ ጠመዘዙት፣ በእግራቸው ረግጠው ሳቡት። "ካጠረ ስትቆሚ ላይሽ ላይ እወጣለሁ፤ ከረዘመ ደግሞ መሃላችን ሰው ይገባል" እያሉ ልኩን በክንዳቸው ለኩ። ሰው እንዲያየው መሃሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ቋጠሩ። የትንሿ መኪና ባትሪ ስለሞተ ጡሩምባም የላትም፤ በመስኮት እጃቸውን ካወዛወዙ ልቆም ተስማማን። ዓይናቸው ቢደክምም ጣቶቻቸው የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ያን ጠዋት በአባቴ ኮራሁ፤ በራሴ ደግሞ አፈርኩ።

ከኋላ መሪ ሊይዝ የነበረው ወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ገና ከማለዳው ደውሎ ቀረ። "ምን ችግር አለ፣ እኔ አለሁ" ብለው ነበር አባባ ክራቫታቸውን ያሰሩት፤ አሁን ኮታቸውን መልሰው ለብሰው ገቡ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ምን ይመጣል አልኩ። ደግሞም ለመጨረሻ ጊዜ መሪ መያዛቸው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም። መሪው እንዲፈታላቸው ቁልፉን አስገብቼ አንድ ጊዜ አዞርኩትና ወደ ቫኔ ሄድኩ።

እኔን መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከመኪና ስወርድ ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ካልከተትኩ ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር። በወጣትነታቸው ሲጋራ ልግዛ ብለው ወርደው መኪና ተሰርቆባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ቁልፍ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ነውር ሆኖ ቀረ።

እስከ ሰሚት ሰላም ነበርን። አደባባዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ቆምን። በመስታወት ሳያቸው አባባ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ጎንበስ ብለው ገመዱን ነካ ነካ አደረጉ፤ በአውራ ጣታቸው "ደህና ነው" አሉኝና ተመልሰው ገቡ። ሳቄ መጣ። መንገዱ ሲከፈት ቀስ ብዬ ተነሳሁና አደባባዩን ልዞር ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ትንሿ መኪና ግን አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከአደባባዩ ጠርዝ ጋር ድው! አለች።

እንዴት ወርጄ እንደሮጥኩ አላውቅም። የፊት መብራቱ ረግፏል፤ አባባ ምንም አልሆኑም። ሰው ተሰበሰበ። አንድ የታክሲ ረዳት፣ "እኚህን አባት መሪ አስይዘሽ ነው? አትፈሪም እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ዝም በል አልኩት፤ ሌላም ነገር ጨመርኩለት። አባባ ግን ሰምተዋል። እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩዋቸው ነበር።

"በሙሉ ጉልበቴ አዞርኩት። እምቢ አለኝ" አሉኝ። "የጎረቤቱን በር በዓይኔ አመካኘሁ። የዚያችንም ልጅ በዓይኔ አመካኘሁ። እጄን ግን አምነው ነበር። እጄ ከዳኝ ልጄ። እንኳን ሰው አልነበረ! ከእንግዲህ በቃኝ፣ አልነዳም።"

ይሄን ብለው እጃቸውን ወደ ኮታቸው የደረት ኪስ ሰደዱና ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ።

ከኪሳቸው! ገመዱን ሊያዩ ሲወርዱ ነቅለውታል። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ፣ እንደ ድሮ የጭነት መኪኖቻቸው ሳይሆን፣ የዚያች መኪና መሪ ይቆለፋል፤ ጎረምሳም ቢይዘው አይዞርም። እጃቸው ምንም አልሆነም። አትንቀሉት ብዬ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። "አባባ፣ እጅዎ ደህና ነው፣ ቁልፉን ስለነቀሉት ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ያንባርቃል። ከትምህርት ቤት የምትወጣዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ውሸታችን ከእንግዲህ እንደማያስፈልገንም ታወቀኝ፤ ይሄን ማሰቤን አልክድም።

"እሺ አባባ" አልኩና ቁልፉን ተቀበልኳቸው።

ማታ ወንድሜ ደውሎ፣ "እንዴት አድርገሽ አሳመንሻቸው?" አለኝ። "ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ" አልኩት። "ጀግና ነሽ!" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ብነግራቸው ቁልፋቸውን ይጠይቁኛል፤ ባልነግራቸው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይተዋሉ። መጀመሪያ ሻይ መቅዳት ተዉ። ከዚያ ጢማቸውን በራሳቸው መላጨት ተዉ። ሐኪም አይቷቸው እጃቸው ደህና መሆኑን ቢነግራቸውም አላመኑትም።

ባለፈው እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳቸው ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ክራቫታቸውን አላደረጉም። እግራቸውን ዘረጉልኝና፣ "እሰሪልኝ ልጄ፣ ይሄ እጅ አይታመንም" አሉኝ። ተንበርክኬ የጫማቸውን ማሰሪያ አሰርኩላቸው።