ሁለተኛው ወንበር

ስለዚያች መኪና ባለቤቴን ብትጠይቁት እስከ ዛሬ ዓይኑ እየበራ ያወራላችኋል። እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ከጠየቃችሁኝ ግን እስክጨርስ አታቋርጡኝ።

የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ቡራዩ ላይ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ እናት። እኔ እዚያው ቡራዩ አስተማሪ ነበርኩ። እሱ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ መካኒክ ነበር። ከተጋባን አራት ወር ሳይሞላን፣ አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መኪናውን ለእሱ ሸጠለት። አላማከረኝም። "ላስደንቅሽ ብዬ ነው" አለኝ። እውነትም ደነቀኝ!

ቀይ ናት። ጃፓን ሠራሽ። ጣሪያዋ ጨርቅ፣ ቁመቷ እስከ ወገቤ፣ ወንበሯ ሁለት። ሁለት ብቻ! የመጣች ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሁለቴ ዞሯትና "ልጄ፣ የቀረው ግማሽ መቼ ይመጣልሃል?" አሉት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ስለ ሞተሩ ያስረዳቸው ጀመር።

ሐቁን ልናገር፣ መልካም ነገር አልነበራትም አልልም። ቤንዚን አትጠጣም ነበር። ዳገት ላይ ትልልቆቹ መኪኖች ሲያቃስቱ እሷ ሽው ብላ ታልፋቸዋለች ይላል ባለቤቴ። ኩርባ ላይ መሬቱን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ጠዋት ለመነሳት ግፉኝ አትልም። ይህንን ሁሉ የምነግራችሁ እሱ ራት በተቀመጥን ቁጥር ስለሚነግረኝ ነው። እኔ ከየት ላውቀው?

ክፋቷን ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ክረምት ሲገባ በጨርቁ ጣሪያ ስፌት በኩል ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የቡራዩ መንገድ ያኔ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሆዷ መሬት እየነካ በየሳምንቱ እሑድ እሱ ከሥሯ ተኝቶ ይውላል። አንድ ኩንታል ጤፍ አትጭንም። ለፋሲካ በግ ገዝቶ መጫኛ ቢያጣ፣ በጉን እግሩን አስሮ ወንበሩ ላይ አስቀምጦት መጣ። በጉ በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ ግቢያችን ሲገባ ቆሜ አየሁት። በግ እንኳ ቀደመኝ! እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አልተቀመጥኩባትማ።

ለምን አትሉኝም? ሌላ መኪና ቢሆን ታላቅ ፊት ይቀመጣል፣ ታናሽ ከኋላ ይገባል፣ ነገሩ ያልቃል። ይቺ ግን ኋላ የላትም። ከባለቤቴ ጎን ያለችው አንዲት ወንበር የታላቅ ወንበር ናት፤ እኔ ደግሞ ከቤቱም ከሰፈሩም ታናሽ ነኝ። አማቴ ቆመው እኔ እንዴት ልግባ? ምን እባላለሁ? ስለዚህ በሩን ራሴ እከፍትላቸውና "ይግቡ እማማ" እላለሁ። እሳቸውም "ተባረኪ ልጄ" ብለው ይገባሉ። እዚህ ላይ ነው ቆሽቴ የሚያረው። ማዕድ ላይ "በሞቴ ይብሉ" ሲባሉ ሦስት ጊዜ እምቢ የሚሉ ሰዎች፣ መኪና ላይ ግን አንዴም እምቢ አይሉም! አማቴ ብቻ አይደሉም። የነፍስ አባታችን፣ ከጎንደር የመጡ የባለቤቴ አክስት፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችን፣ ሁሉም ወንበሯን ያውቋታል። እኔ ከደጅ እጄን አውለበልባለሁ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ስቄ አልፈው ነበር፤ አባቴ ባይኖርበት።

አባቴ የሱሉልታ ገበሬ ነው። እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተች፣ ወንድ ሆኖ ፀጉሬን እየሠራ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያወራን ነው ያደግነው፤ "አንተ" ነው የምለው፣ ራሱ ነው የፈቀደልኝ። "ከአንቺ ሌላ ማን አንተ ይለኛል?" ይል ነበር። የመኪናዋ ወሬ ሱሉልታ ገበያ ድረስ ደርሶ ኖሮ፣ ለጥምቀት በአውቶቡስ ሄጄ ስጠይቀው ከጤናዬ በፊት ስለ እሷ ጠየቀኝ። በሕይወቱ ትንሽ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። "አንድ ቅዳሜ ይዘሻት ነይ፤ ከቤቴ እስከ ገበያው ድረስ ብቻ፤ ሰዎቹ ይዩኝ፤ ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ" አለኝ። ልጅ እንጂ ሽማግሌ የለመነኝ አልመሰለኝም። "በሚቀጥለው የምመጣው በመኪናችን ነው" አልኩት። አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁ።

ባለቤቴ ደስ አለው፣ ውሸት አልናገርም። እሱ አባቴን ገበያው ጋ አድርሶት ሲመለስ እኔ አባቴ ቤት ሆኜ ምሳ እሠራለሁ ተባብለን ቅዳሜውን ቆረጥን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ብወጣ፣ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። የማርያም ዕለት ነው፤ ለካ እንጦጦ ሊሳለሙ ነው። "መንገዳችሁ አይደል?" አሉ። መንገዳችን ነው፤ ወንበሩ ግን አንድ ነው! "ይግቡ እማማ" አልኩ። በሁለተኛው አክስቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። በሦስተኛው የነፍስ አባታችን መጡ። ባለቤቴ በየጊዜው አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ "አንቺ በአውቶቡስ ቅደሚ፣ እኔ እሳቸውን አድርሼ ከኋላሽ እደርሳለሁ።" እኔ ግን ሳልሄድ እቀራለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደሜ ፈላ። ቄሱ ተሳፍረው ከሄዱ በኋላ ቢጫ ቀሚሴን አውልቄ ወረወርኩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማታ ባለቤቴን "ስማ፣ እኔ አባቴ ቤት የምሄደው በዚያች መኪና ነው። በዚያች ካልሆነ አልሄድም። አውቶቡስ የሚባል ነገር አትጥራብኝ" አልኩት።

"ኧረ ባክሽ፣ ለአንድ ወንበር!" አለ።

"አዎ፣ ለአንድ ወንበር!" አልኩ።

እልህ ያዘኝ። እልህ ሲይዘኝ ደግሞ ማንም አይመልሰኝም። እንዲህ ስል ወር ሄደ፣ ሌላ ወር ተከተለ። አማቴ አኩርፌ እንደሆነ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንድ ቀን ምስር እየለቀምን "አባትሽን ከጠየቅሽ ቆየሽ፣ አውቶቡሱ ምን ይልሻል? አንቺ ወጣት ነሽ" አሉኝ። "እሄዳለሁ" ብዬ ምስሩን ይዤ ተነሳሁ።

የአባቴ ጎረቤት የሆኑ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ድርቆሽ በአህያ ጭነው ቡራዩ ድረስ እየመጡ ለከብት አርቢዎች ይሸጣሉ። ሲያልፉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያስጠሩኛል። አንድ ረቡዕ "አካም ጅርታ?" ብለው ጤንነቴን ከጠየቁ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አባትሽ ምን ብሎሻል መሰለሽ፤ 'ኢንተላ ኮ፣ መኪናዋን ተዪያት፣ በምንም ብትመጪ ነይ። ላይሽ ነው የፈለግሁት' ብሏል" አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለት ነው፤ አባቴ ሲያባብለኝ ነው እንደዚያ የሚለኝ።

ያኔ ነበር ደብተሬን ጥዬ መሄድ የነበረብኝ። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው? "ቅዳሜ በመኪና እመጣለሁ በሉልኝ። ዘንድሮ ሳላስቀምጠው አልቀርም" አልኳቸው። ኦቦ ራሳቸውን ነቅንቀው አህዮቻቸውን ነዱ። ያ ቅዳሜ ደርሶ ፋብሪካው ባለቤቴን ለትርፍ ሰዓት ሥራ ጠራው። እኔም ቤት ቀረሁ።

የሚቀጥለው ዓርብ ባለቤቴ ከሥራ አምሽቶ ገባ። ከእናቱ ጋር ጓሮ ቆመው ሲነጋገሩ አየኋቸው፤ ስጠጋ ዝም አሉ። ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። ይነጋገሩ አልኩ በልቤ፤ ልጃቸውን ይምከሩት፣ ወይም እሱ እሳቸውን ይንገራቸው።

በማግስቱ ጠዋት "ዛሬ ሱሉልታ እንሄዳለን" አለኝ ባለቤቴ። አላመንኩትም። ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ አማቴ እንደ ልማዳቸው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ይኸው፣ ደግሞ ጀመሩ! አልኩ። እሳቸው ግን እኔን ሲያዩ በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

"ዛሬ አንቺ ግቢ" አሉኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ለወጉ ያህል "ኧረ ይግቡ እማማ" አልኩ።

"ግቢ አልኩሽ እኮ ልጄ። ብቻ ይሄን ቢጫ ቀይሪው፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ያን ጠቆር ያለውን ልበሺ" አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በቀሚሴም ገቡብኝ ብዬ እበሽቅ ነበር። ያን ቀን ግን ወንበሩን ሰጥተውኛል፣ ቀሚሱን ብተውላቸው ምን ይጎዳኛል? ሮጬ ቀይሬ መጣሁ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ። "እንጦጦ ይበርዳል" አሉ። አጥር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች እንደ ወትሮው በመኪናዋ አልቀለዱም። ተረትተው ነው፣ ቀንቶኛል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ? ለካ ባለቤቴ አልዋሸም! አስኮን አልፈን፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን የጎጃምን መንገድ ስንይዝ፣ ዳገቱን ሽቅብ እንዲህ ነው እንዴ የሚወጣው አልኩ። የጭነት መኪና አለፍን፣ አውቶቡስ አለፍን። ኩርባው ላይ ሰውነቴ ወደ እሱ ሲያጋድል እስቃለሁ። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። "እውነትህን ነው፣ መሬት ትይዛለች! ጤፍ ባትጭን ምን አለበት! ክረምት ክረምት ጃንጥላ እይዛለሁ!" እያልኩ ለፈለፍኩ። የተሳደብኩትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ ዋጥኩት። አባዬን ገበያው ድረስ ብቻ ሳይሆን ጫንጮ ድረስ ወስደን እንመልሰዋለን፣ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ እጠብቃለሁ አልኩት። ባለቤቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን ያያል። እናቱ ተቆጥተውት ነው ብዬ ጉልበቱን መታ መታ አደረግሁት።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ስንወርድ፣ ወደ አባቴ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ብዙ ሰው ነው። "አየህ? አየህ አባዬን? ሰው ጠርቶ ነው የጠበቀኝ!" አልኩት። ደስታው አላስችል ብሎኝ ተንጠራርቼ ክላክሱን ተጫንኩት። ጡ! ጡ! ጡጡጡ! ሰው ሁሉ ዞረ። ማንም አልሳቀም። ደግሜ ተጫንኩት። ያኔ ነው ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ያየሁት።

ባለቤቴ እጄን ከክላክሱ ላይ አነሳና ያዘው።

ያን ቀን ስለሆነው አላወራም። ከሠልስቱ በኋላ ግን ኦቦ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የምንመጣበት ቅዳሜ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ፣ ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ወዳለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደሚወርድ፣ ነጩን ጋቢውን ለብሶ እንደሚቀመጥ፣ ቀይ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር እንደሚነሳ ነገሩኝ። ዓርብ ዕለት ሲሞት መርዶውን በቀጥታ ለእኔ እንዳይነግሩ ብለው ሰበታ ፋብሪካው በር ድረስ ሄደው ለባለቤቴ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። አማቴም ቅዳሜውን ከሰፈር ሴቶች ጋር አውቶቡስ ቀያይረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ቆመው ነበር የመጡት።

የምንመለስ ቀን አማቴ በሩን ከፍተው ቆሙ። "ግቢ ልጄ" አሉኝ።

"ይግቡ እማማ" አልኳቸው። ያን ቀን ከልቤ ነበር። ባለቤቴ ይለምነኝ ጀመር፤ እንዲተወኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ ሄደች።

አስፋልቱ ዳር ወርጄ አባቴ ይቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ ጠበቅሁ። ብዙም አልቆየሁም። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲያየኝ ፍሬን ይዞ እፊቴ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ ከወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነበር።